ከጦርነቱ በኋላ ሆንግ ኮንግ የማን ትሁን? ከ1942 እስከ 1945 ስለተካሄደው ድርድር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆንግ ኮንግ በጃፓን ጦር ተይዛ በቆየችባቸው ዓመታት፣ በአንድ ወገን ተሰልፈው ጃፓንን ይወጉ የነበሩት ብሪታንያ፣ ቻይናና አሜሪካ ከድሉ በኋላ ከተማዋ የማን እንደምትሆን እርስ በርሳቸው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ ከሞላ ጎደል የቃላት ክርክር ነበር ማለት ይቻላል፤ ሆንግ ኮንግ በዚህ ወይም በዚያ ሰነድ ላይ በተጻፈው ቃል ውስጥ ትካተታለች ወይስ አትካተትም በሚለው ጥያቄ ላይ ሦስት ጊዜ ተጋጭተዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጦርነቱ በፊት ሆንግ ኮንግ በብሪታንያ እጅ የነበረችው በምን መብት ነው?

በሦስት ውሎች ነው፤ የሦስቱም ባሕርይ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ከመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት በኋላ በ1842 በናንጂንግ በተፈረመው ውል የሆንግ ኮንግ ደሴት ለዘለቄታው ለብሪታንያ ተሰጠች። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት በኋላ በ1860 በደሴቲቱ ትይዩ ያለው የኮውሉን ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ በተመሳሳይ መንገድ ተጨመረ። በ1898 ደግሞ ከኮውሉን በስተሰሜን ያለው ሰፊ ምድርና በዙሪያው የሚገኙት በርካታ ደሴቶች ለ99 ዓመት በኪራይ ተላለፉ። ይህ ሦስተኛው ክፍል አዲሶቹ ግዛቶች የሚል ስም የተሰጠው ሲሆን፣ ከቅኝ ግዛቲቱ ጠቅላላ የመሬት ስፋት ውስጥ ወደ ዘጠኝ አሥረኛ የሚጠጋው እርሱ ነው። የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያዎች፣ የእርሻ መሬቷና የአውሮፕላን ማረፊያዋን ማስፋት የሚቻልበት ቦታ በአመዛኙ በኪራዩ ምድር ላይ ወይም በአጠገቡ ስለነበር፣ ዋናው ከተማ ያለ ኪራዩ ምድር ብዙ ሊቆይ እንደማይችል ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር።

በቻይናውያን ዓይን ሦስቱም ውሎች በመድፍ አስገዳጅነት የተፈረሙ፣ እኩልነት የሌላቸው ውሎች ናቸው። በብሪታንያ ሕግ አዋቂዎች ዓይን ግን የተሰጠና የተከራየ ለየቅል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ውዝግብ በሙሉ የተነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ጃፓን ከተማዋን ከያዘች በኋላ ብሪታንያ መልሳ እንደምታገኛት እርግጠኛ ነበረች?

አልነበረችም። የጃፓን ጦር ጥቃቱን የጀመረው ዲሴምበር 8 ቀን 1941 ሲሆን፣ ገዢው ሰር ማርክ ያንግ በፈረንጆች የገና ቀን፣ ዲሴምበር 25፣ በኮውሉን በሚገኘው በፔኒንሱላ ሆቴል እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942፣ የማይደፈር ምሽግ ይባል የነበረው ሲንጋፖር ወደቀ። በዚያ ዓመት አጋማሽ ለንደን ውስጥ በቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሳይቀር፣ ከድሉ በኋላ በሩቅ ምሥራቅ በሚደረገው አጠቃላይ ድርድር የሆንግ ኮንግ ጉዳይ ለውይይት ሊቀርብ ይችላል ብለው የሚያስቡ ባለሥልጣናት ነበሩ። መንግሥት በይፋ ያልተናገረው ቢሆንም፣ ተስፋ የመቁረጥ ዝንባሌ እንደነበረ ሰነዶቹ ያሳያሉ።

ዝንባሌው ከመንፈቅ ያለፈ ዕድሜ አልነበረውም። በኖቬምበር 1942 ቸርችል የብሪታንያ ግዛት ሲፈርስ ለመምራት ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ወደኋላ የሚል ሹም አልተገኘም። ቅኝ ግዛቲቱን ከጦርነቱ በኋላ ተረክቦ የሚያስተዳድር የዕቅድ ክፍል ለንደን ውስጥ ተቋቋመ፤ ይህን ክፍል በኋላ የመራው ዴቪድ ማክዱጋል ሲሆን፣ እርሱም በ1941ዱ የገና ቀን ከቻይናዊው አድሚራል ቻን ቻክ ጋር በፈጣን የጦር ጀልባዎች ከከተማዋ ካመለጡት አንዱ ነበር። ከተማ በጠላት እጅ ሳለ፣ ማን የቱን መሥሪያ ቤት እንደሚይዝ በሩቅ አገር ሆኖ መደልደል ለአንዳንዱ የሕልም እንጀራ ሊመስለው ይችላል፤ በኦገስት 1945 ግን ጥቅሙ ታየ።

በ1943 በብሪታንያና በቻይና መካከል የተፈረመው ውል ምንድን ነው? ሆንግ ኮንግንስ ይመለከታል?

ኦክቶበር 1942 ላይ አሜሪካና ብሪታንያ በቻይና ምድር ለመቶ ዓመት ያህል የነበራቸውን ልዩ መብት ለመተው ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታወቁ። ይህ ልዩ መብት አንድ የብሪታንያ ዜጋ በሻንጋይ ወንጀል ቢሠራ በቻይናዊ ዳኛ ፊት የማይቆምበት፣ በአንዳንድ ከተሞችም ሙሉ ሰፈሮች በውጭ ሰዎች የሚተዳደሩበት ሥርዓት ነበር። በኢትዮጵያ ለውጭ ዜጎች ተመሳሳይ ልዩ መብት የሰጠውን የ1908ቱን የክሎቡኮውስኪ ውል የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እግረ መንገዳችንን እንበልና፣ ሁለቱ መንግሥታት «ተውን» ያሏቸው ሰፈሮች በዚያን ጊዜ በአብዛኛው በጃፓን ጦር እጅ ስለነበሩ፣ ልግስናው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አልነበረም።

ብሪታንያ ያዘጋጀችው ረቂቅ ስለ ሆንግ ኮንግ አንዲት ቃል አልነበረውም። በኖቬምበር የቻይና መንግሥት በመልሱ ላይ ያልተጠበቀ ጥያቄ ጨመረ፤ የ1898ቱ የኪራይ ውል ከተቀሩት ልዩ መብቶች ጋር አብሮ ይሰረዝ አለ። ደሴቲቱንና ኮውሉንን እንዳልጠየቀ ልብ ይሏል። የቻይናውያኑ መከራከሪያ የተሰላ ነበር፤ የተከራየ መሬት ከውጭ ሰዎች ሰፈር የተለየ ነገር አይደለም፣ ሰፈሮቹ የሚመለሱ ከሆነ ኪራዩም ይመለሳል የሚል ነው። የብሪታንያ መልስ ደግሞ ውሉ የሚመለከተው በቻይና ምድር ያሉ ልዩ መብቶችን እንጂ የቅኝ ግዛት ወሰንን አይደለም የሚል ሆነ። ሆንግ ኮንግ የተባለችው ቦታ በአንድ ቃል ትርጉም ውስጥ ትገባለች አትገባም በሚል የተነሣው የመጀመሪያው ክርክር ይህ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ የቻይና መዲና በነበረችው በቾንግቺንግ የብሪታንያ አምባሳደር ሆራስ ሲሞርና የቻይናው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሶንግ ዚዌን (በውጭ አገር ቲ ቪ ሱንግ በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል) ሳምንታት ቢነጋገሩም አንዱ ሌላውን ሊያሳምን አልቻለም። ለንደን እስከ መጨረሻው የሰጠችው ነገር ቢኖር፣ ቻይና የኪራዩ ውል እንደገና ይታይ የምትል ከሆነ ጉዳዩ ከድሉ በኋላ ሊነሣ ይችላል የሚል ነው። የቻይናው መሪ ቺያንግ ካይ-ሼክ ይህን ተስፋ እንኳ በቂ ሆኖ ስላላገኘው በዲሴምበር መጨረሻ ውሉን ላለመፈረም ተቃርቦ ነበር። አቋሙን እንዲያለዝብ ከመከሩት መካከል በለንደን የቻይና አምባሳደር የነበረውና በዚያ ወቅት ወደ ቾንግቺንግ መጥቶ የነበረው ዌሊንግተን ኩ ዋነኛው ነው። የኩ ምክር በቀላል አማርኛ ሲቀመጥ፣ የሚሰጥህን ዛሬ ተቀበል፤ የቀረህን ደግሞ እንዳልተውከው አስመዝግብ የሚል ነበር።

የሆነውም ይኸው ነው። ውሉ ጃንዋሪ 11 ቀን 1943 በቾንግቺንግ ተፈረመ፤ በዚያው ዕለት የአሜሪካው አቻ ውል በዋሽንግተን ተፈረመ። ሶንግም ለብሪታንያ አምባሳደር በሰጠው ማስታወሻ፣ የቻይና መንግሥት የአዲሶቹን ግዛቶች ጉዳይ ወደፊት እንደገና የማንሣት መብቱን እንደጠበቀ አሳወቀ። ስለዚህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ፣ ውሉ ራሱ ሆንግ ኮንግን አይመለከትም፣ ሆንግ ኮንግ ያለችው ከውሉ ጋር በተያያዘው ማስታወሻ ውስጥ ነው የሚል ይሆናል።

አሜሪካ የሌላ አገር ቅኝ ግዛት ጉዳይ ውስጥ ለምን ገባች?

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከጦርነቱ በኋላ ቻይና ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከሶቪየት ኅብረት ጋር ዓለምን ከሚጠብቁት አራት ኃያላን አንዷ እንድትሆን ይፈልግ ነበር። ለዚህ ደግሞ የቻይናን ክብር የሚያነሣ፣ ተስፋ ቆርጣም ከጃፓን ጋር ለብቻዋ እንዳትታረቅ የሚያደርግ ነገር መደረግ አለበት ብሎ አመነ። ቅኝ ግዛትን በአጠቃላይ አለመውደዱም የተሰወረ አልነበረም። ስለ ሆንግ ኮንግ የነበረው ሐሳብ፣ ብሪታንያ በገዛ ፈቃዷ ለቻይና ትመልሳት፤ ቻይናም በበኩሏ ከተማዋን ለሁሉም አገሮች መርከብ ክፍት የሆነች ነጻ ወደብ ብላ ታውጃት የሚል ነው።

ይህን ሐሳብ በማርች 1943 ዋሽንግተን ለመጣው ለብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን አንሥቶለት ነበር። ኤደን ፕሬዚዳንቱ በአሜሪካ በኩል እንዲህ ያለ የበጎ ፈቃድ ስጦታ ሲያቀርብ እንዳልሰማ በጨዋ ቋንቋ መለሰለት። ሩዝቬልት ግን ሐሳቡን አልተወም። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1945 በያልታ ከስታሊን ጋር ለብቻቸው ሲነጋገሩ፣ ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና ሉዓላዊነት ተመልሳ ዓለም አቀፍ ነጻ ወደብ እንድትሆን ተስፋ እንደሚያደርግ፣ ቸርችል ግን በብርቱ እንደሚቃወመው ተናገረ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 12፣ ሩዝቬልት ሞተ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያደረገው ሁሉ ንግግር ነበር፤ አንድም ጊዜ ብሪታንያን በጽሑፍ ግዴታ ለማስገባት አልሞከረም፤ እኔ እንደማየው ድክመቱ ይኸው ነው።

የካይሮው መግለጫ ሆንግ ኮንግን ለምን አልጠቀሰም?

ሩዝቬልት፣ ቸርችልና ቺያንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 26 ቀን 1943 በካይሮ ተገናኙ። ዲሴምበር 1 ቀን ይፋ የሆነው መግለጫ ጃፓን ከቻይና የወሰደቻቸው ማንቹሪያ፣ ታይዋንና የፔስካዶር ደሴቶች ለቻይና ይመለሳሉ፣ ኮሪያም በጊዜው ነጻ ትወጣለች ይላል። የመግለጫው መለኪያ «ጃፓን ከቻይናውያን የሰረቀችው» የሚል በመሆኑ፣ ብሪታንያ ከቻይናውያን የወሰደችው በውስጡ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። የብሪታንያ ዲፕሎማቶች እንዲያውም ግዛቶቹ «ለቻይና ይመለሳሉ» ከመባል ይልቅ ጃፓን ትልቀቃቸው ብቻ እንዲባል ሐሳብ አቅርበው፣ ቻይናዊው ተደራዳሪ ዋንግ ቾንግኹዪ አጥብቆ ስለተቃወመ ሐሳባቸው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። «መመለስ» የሚለው ቃል አንዴ ልማድ ከሆነ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል አውቀውት ነበር ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ኖቬምበር 23 ማታ ሩዝቬልትና ቺያንግ አብረው ራት በሉ። በቻይና በኩል በተያዘው ማስታወሻ መሠረት የሆንግ ኮንግን ጉዳይ ያነሣው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ቺያንግ ደግሞ አስቀድሞ ከብሪታንያ ባለሥልጣናት ጋር እንዲነጋገርበት ጠየቀው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊደግፈው ተዘጋጅቶ ሳለ ቺያንግ ዕድሉን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፉ ብዙ ሰዎችን ያስገርማል። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ከብሪታንያ ይፈልግ የነበረው በርማን መልሶ ለመያዝ የሚደረግ ዘመቻ ነበር፤ ቻይናን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው የምድር መንገድ የተቆረጠው እዚያ ነው።

ቸርችል «ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ በቀር» ብሏል የሚባለው እውነት ነው?

ቃሉን ያስተላለፈው በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ፓትሪክ ሀርሊ ነው። ሀርሊ በኤፕሪል 1945 ለንደን ውስጥ ከቸርችል ጋር ተነጋግሮ ወደ አገሩ በላከው ዘገባ፣ ሆንግ ኮንግ ከብሪታንያ ግዛት የምትወጣው ሬሳው ላይ ተረማምደው ብቻ እንደሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደነገረው ጽፏል። ቸርችል ከዚያ በፊትም፣ በ1943ቱ የቴህራን ጉባኤ፣ ሲንጋፖርንና ሆንግ ኮንግን በስም ጠቅሶ ያለ ጦርነት ከብሪታንያ የሚወሰድ ነገር እንደማይኖር ለስታሊን ነግሮታል።

ነገሩ የአንድ ሰው እልህ ብቻ አልነበረም። በኖቬምበር 1944 በፓርላማ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የሌበር ፓርቲ መሪ ክሌመንት አትሊ የቸርችል አቋም የትኛውንም የግዛቱን ክፍል እንደማይተው መለሰ። በጁላይ 1945 አትሊ ራሱ ሥልጣን ሲይዝ በሆንግ ኮንግ ጉዳይ አንዳች ያልተለወጠው ለዚህ ነው።

ጃፓን እጅ ስትሰጥ ሆንግ ኮንግን ማን ይረከብ የሚለው ክርክር እንዴት ተፈታ?

ጃፓን መሸነፏን ኦገስት 15 ቀን 1945 ስታስታውቅ በሆንግ ኮንግ ውስጥ ከብሪታንያም ሆነ ከቻይና መደበኛ ጦር አንድም ክፍል አልነበረም። የጃፓን ጦር በየቦታው ለማን እጁን እንደሚሰጥ የሚደነግገው፣ አጠቃላይ ትእዛዝ ቁጥር 1 የሚባለው ሰነድ «በቻይና ውስጥ» ከማንቹሪያ በቀር፣ በታይዋንና ከ16ኛው ዲግሪ ኬክሮስ በስተሰሜን ባለው የፈረንሳይ ኢንዶቻይና የሚገኘው የጃፓን ጦር ለቺያንግ ካይ-ሼክ እጁን እንዲሰጥ ያዛል። ሆንግ ኮንግ አሁንም በስም አልተጠራችም።

ቻይናውያን ሆንግ ኮንግ ቺያንግ ጠቅላይ አዛዥ በሆነበት በቻይና የጦር ቀጣና ውስጥ ስላለች የመረከብ መብቱ የእርሱ ነው አሉ። ብሪታንያውያን ደግሞ ሰነዱ የሚለው «በቻይና ውስጥ» ነው፤ ሆንግ ኮንግ የብሪታንያ ግዛት እንጂ ቻይና አይደለችም ሲሉ መለሱ። አትሊ ለአዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለትሩማን በቀጥታ ጻፈ። ትሩማንም የሩዝቬልትን ሐሳብ አልወረሰም፤ ወታደራዊ ዝግጅቱ ከቺያንግ ጋር በቅድሚያ ከተቀናጀ የጃፓን ጦር ለብሪታንያ መኮንን እጁን ቢሰጥ በአሜሪካ በኩል ተቃውሞ የለም ብሎ መለሰ። ቺያንግ ሲቃወምም፣ ነገሩ በዋናነት የወታደራዊ አፈጻጸም ጉዳይ ነው የሚል መልስ ደረሰው። ቻይና ለሦስት ዓመት የተማመነችበት ድጋፍ በጥቂት ቀናት የደብዳቤ ልውውጥ አበቃ።

ቺያንግ ያን ጊዜ ያመጣው ሐሳብ ብልኅነት አላነሰውም። ብሪታንያ ትረከብ፤ ነገር ግን የምትረከበው እኔ በቀጣናው አዛዥነቴ ውክልና ስሰጣት ነው አለ። ውክልና መቀበል የወካዩን መብት ማወቅ በመሆኑ ለንደን አልተቀበለችውም፤ የራስን ግዛት ለመረከብ የሌላ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ነበር መልሱ። ቺያንግ እምቢታውን እንደ ክብር ነክ ቆጥሮ በያዘው ጸና። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሰው በሁለት ሥልጣን እንዲፈርም ተስማሙ። የብሪታንያው ሪር አድሚራል ሴሲል ሃርኮርት ኦገስት 30 የጦር መርከቦቹን እየመራ ወደቡ ገባ፤ የፊርማው ሥነ ሥርዓት ግን ውዝግቡ እስኪያልቅ ዘግይቶ ሴፕቴምበር 16 ቀን በገዢው ቤተ መንግሥት ተከናወነ። ሃርኮርት የጃፓኖችን እጅ መስጠት የተቀበለው በብሪታንያ መንግሥት ስምና በቻይና ቀጣና ጠቅላይ አዛዥ ስም ነው፤ የቻይና ወታደራዊ ተወካይም በቦታው ተገኝቶ ነበር። ፊርማው ሲፈረም የብሪታንያ ባሕር ኃይል ወደቡን ከያዘ ከሁለት ሳምንት በላይ አልፎት ስለነበር፣ ቺያንግ ከወረቀቱ ያገኘው ስሙን ብቻ ነው።

ሃርኮርት እስኪደርስ ድረስ ከተማዋን ያስተዳደረው ማን ነው?

ፍራንክሊን ጊምሰን የሚባል የቅኝ ግዛት አስተዳደር ሹም ነው። ጊምሰን የገዢው ምክትል ሆኖ ለመሥራት ሆንግ ኮንግ የደረሰው ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ ማለትም ጥቃቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነበር፤ የጦርነቱን ዓመታት በስታንሊ እስረኞች ሰፈር አሳለፈ። የጃፓንን መሸነፍ በሰማ ጊዜ ከማንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ የካምፑን ጃፓናዊ አዛዥ አነጋግሮ የአስተዳደሩ ተጠባባቂ ኃላፊ መሆኑን አስታወቀ።

በዚህ መካከል ለንደን ይህንኑ እንዲያደርግ የሚያዝዝ መልእክት በቾንግቺንግ በኩል ልካለት ነበር። የብሪታንያ ጦር ቻይና ውስጥ ካቋቋመው የስለላና የእስረኞች ማስመለጫ ክፍል ጋር በሚሠሩ ሰዎች በኩል በማካዎ ዞሮ ኦገስት 23 አካባቢ ሲደርሰው ጊምሰን ሥራውን ከጀመረ ሳምንት ሆኖት ነበር። የታጠቀ ጠባቂ ያልነበረው፣ በረኀብ የከሳ አንድ ሹም ጥቂት ባልደረቦቹን ይዞ ቢሮ መክፈቱ፣ ቻይናውያን ቀድመው ቢመጡ እንኳ «መንግሥት አልነበረም» እንዳይሉ የሚያደርግ ነበር።

ቺያንግ በአቅራቢያው ጦር እያለው ለምን በኃይል አልያዛትም?

ጦር ነበረው፤ ከሆንግ ኮንግ ወደ ኋላ ርቀው ባሉት የደቡብ ቻይና ግዛቶች በአሜሪካ የሠለጠኑና የታጠቁ ክፍሎች ነበሩት። ዓይኑ ግን ወደ ሰሜን ነበር። ከጃፓን ሽንፈት በኋላ ማንቹሪያንና ሰሜን ቻይናን እርሱ ይቀድም ወይስ ኮሚኒስቶቹ የሚለው የሞት የሽረት ጉዳይ ሆኖበት ነበር። ሃርኮርት ወደቡ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 28፣ ማኦ ዜዶንግ በሀርሊ ታጅቦ ለድርድር ቾንግቺንግ ደርሷል። በአዲሶቹ ግዛቶች ውስጥ ደግሞ ጃፓኖችን ሲዋጋ የቆየው የኮሚኒስቶቹ የምሥራቅ ወንዝ ሽምቅ ጦር ነበር። ለቺያንግ ሆንግ ኮንግ በኮሚኒስቶች እጅ ከምትወድቅ በብሪታንያ እጅ ብትቆይ የተሻለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦገስት 24 ቀን ባደረገው ንግግርም ከተማዋን በጦር እንደማይዝና ጉዳዩን በዲፕሎማሲ መንገድ እንደሚፈታው አስታወቀ። በዚያው መኸር ወታደሮቹ ወደ ሰሜን ለመሄድ መርከብ የተሳፈሩት ከኮውሉን ነው፤ ብሪታንያም አልከለከለቻቸውም።

የሆንግ ኮንግ ነዋሪዎች ተጠይቀው ነበር?

አልተጠየቁም። በ1941 ወደ 1.6 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በረኀብ፣ በስደትና በጃፓኖች የማባረር ዘመቻ ምክንያት በ1945 ወደ 600 ሺሕ ወርዶ ነበር፤ በካይሮም፣ በያልታም፣ በለንደንም የእነርሱን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ከእስር ተፈትቶ በሜይ 1946 ወደ ሥልጣኑ የተመለሰው ገዢ ማርክ ያንግ፣ ነዋሪው ለከተማዋ የሚቆረቆረው በአስተዳደሯ ድርሻ ሲኖረው ነው በሚል የሚመረጥ የከተማ ምክር ቤት እንዲቋቋም ዕቅድ አቅርቦ ነበር። ዕቅዱ በ1952 ተሰረዘ።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በአንድ ጉዞና በአንድ ሐረግ ይገናኛል። ሩዝቬልት ስለ ሆንግ ኮንግ ለስታሊን በተናገረ በአምስተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ ከያልታ ሲመለስ በስዊዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው በኩዊንሲ መርከብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብሎ አነጋገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ያነሧቸው ጉዳዮች የኤርትራ፣ የኦጋዴንና የምድር ባቡሩ ጉዳዮች ነበሩ፤ በሦስቱም ፊት ለፊታቸው የነበረችው ብሪታንያ ነች።

ሐረጉ የሚገኘው ዲሴምበር 19 ቀን 1944 በተፈረመው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ስምምነት ውስጥ ነው። በስምምነቱ ኢትዮጵያ ኦጋዴንና በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን ያለው የተከለለ ግዛት ለጊዜው በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ ስትፈቅድ፣ ይህን የምታደርገው ሉዓላዊነቷ ሳይነካ መሆኑን አስጽፋለች። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ እኩል አይደለም፤ ኦጋዴን ለብሪታንያ የተሰጠም የተከራየም አልነበረም። ቢሆንም ዌሊንግተን ኩ የመከረውና የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች ያደረጉት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ኃይል በሌለበት ሰዓት መብቱ እንዳይዘነጋ በጽሑፍ ማኖር። የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል በ1948 ተመለሰ፣ ቀሪው ደግሞ በ1954 በተፈረመ ስምምነት በተከታዩ ዓመት ተመለሰ።

የ1943ቱ ማስታወሻ በኋላ ምን ሆነ?

ማስታወሻውን የጻፈው መንግሥት በ1949 ከቻይና ምድር ተባርሮ ወደ ታይዋን ሄደ፤ «ከድሉ በኋላ እንነጋገርበታለን» የተባለውን ውይይትም ሳያደርገው ቀረ። በምትኩ ሥልጣን የያዙት ኮሚኒስቶች ሦስቱንም ውሎች አናውቃቸውም ቢሉም፣ ሆንግ ኮንግ ለውጭ ንግዳቸው በር ስለሆነች ለረጅም ጊዜ ሳይነኳት ቆዩ። ብሪታንያን ወደ ድርድር ጠረጴዛ የመለሳት የኪራዩ ቀን መቁጠሪያ ነው። ከ1898 ጀምሮ ሲቆጠር 99ኙ ዓመት በ1997 ያልቅ ነበር፤ ኪራዩ ሲያልቅ ደግሞ ለዘለቄታው የተሰጠውን ደሴትና ኮውሉንን ብቻውን ማስተዳደር አይቻልም። በ1979 ገዢው ማክሌሆስ ጉዳዩን በቤጂንግ አነሣው፣ በ1982 ማርጋሬት ታቸር ሄደችበት፣ በዲሴምበር 1984 የጋራ መግለጫው ተፈረመ፤ ጁላይ 1 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ሆንግ ኮንግ በሙሉ ለቻይና ተመለሰች። በ1942 ቻይና ከሦስቱ ውሎች የ1898ቱን መርጣ መከራከሯ ትክክለኛውን ቦታ መያዟ እንደነበር በኋላ የመጣው ሁሉ ያስረዳል።

ሆንግ ኮንግ ነጻ የወጣችበት ቀን የትኛው ነው?

በብሪታንያ ዘመን የሚከበረው ሃርኮርት ወደቡ የገባበት ኦገስት 30 ሲሆን፣ በዓሉ «የነጻነት ቀን» ተብሎ በኦገስት የመጨረሻው ሰኞ ይውል ነበር። ከርክክቡ በኋላ በቻይናና በጃፓን ጦርነት ድል መታሰቢያ ተተካ፣ ቀኑም ወደ ኦገስት ሦስተኛው ሰኞ ተዛወረ። ከ1999 ጀምሮ ሥራ የሚዘጋበት ቀን መሆኑ ቀርቷል።